ሳላይ የፈረምሁበት የዓሣ ቈጠራ

ነሐሴ 10 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ዳንግላ፤ ከጧቱ 3 ሰዓት

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ በወንዙ ውስጥ የተተከለው ካሜራ በየዕለቱ ያየውን፣ እኔም ካሜራው ካየው ያመንሁትንና ያላመንሁትን በቀኑ ለመመዝገብ። ሌላ ወሬ አይገባበትም። በደብተር ላይ የተማሪ ውጤት እንጂ የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ደብተሬ ሆይ፣ ታገሠኝ።

ላፕቶፑ ተከፍቷል። መነጽሬ ተወልውሏል። የትናንቶቹ ፎቶዎች እየጠበቁኝ ነው።

ሰብለ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህርት። ክረምቱን እኔ ቤት ዐርፋለች። ሥራዋ ኮምፒውተር የውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ አይቶ «ይህ ዓሣ ነው» እንዲል ማስተማር ነው። እንዴት እንደሚማር ጠየቅኋት። ብዙ ምሳሌ በማየትና ሲሳሳት በመታረም ነው አለች። ይህማ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራው የኖርሁት ሥራ ነው። ተቀበልሁ።

የእኔ ድርሻ፦ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የታየውን ነገር በሳጥን መክበብ፣ ስም መስጠት። ስሞቹ ሦስት ናቸው፤ ዓሣ፣ ቅጠል፣ ዐረፋ። በመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ ላይ «አሳ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። እስኪታረም ድረስ የኮምፒውተሩን አይጥ አልነካሁም። ሰብለ ከንፈሯን ነክሳ አረመችው። አሁንም ትፈራኛለች። መልካም ነው።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ነጭ ዓሣ በክረምት ከታች፣ ከትልቁ ውሃ፣ ሽቅብ ይመጣል። ሊራባ ነው ይባላል። የእኛ ሰዎች ይህን ወቅት ጠብቀው የብርብራ ፍሬ ይወቅጡና ባሕሩ ውስጥ ይበትናሉ። (በእኛ አነጋገር ባሕር ማለት ወንዙ የሚያቈርበት ጥልቅ ቦታ ነው።) ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም፣ ትንሹም፣ እንቍላል ያዘለውም። የወረዳው ጽ/ቤት ባሕሩን በክረምት ለብርብራ ይዝጋ ወይስ አይዝጋ የሚለውን በጥቅምት ይወስናል። የሚወስነው በዚህ ቈጠራ ነው። ዓሣው በርግጥ የሚመጣ ከሆነ ይዘጋል። ካልታየ እንደ ወትሮው።

የብርብራው አለቃ ሽባባው ነው፤ የሟቹ ባለቤቴ ወንድም። ጧት በደጄ ሲያልፍ ቆመ።

«ዋርሳዬ፣ ዓሣ ማስተማር ጀመርሽ አሉ! ፊደል ቈጥሮ ጨረሰ?»

ተማሪው ኮምፒውተሩ እንጂ ዓሣው እንዳልሆነ አስረዳሁት።

«ተመስገን! ዓሣው ቢማርማ ብርብራውን ለይቶ ይሸሽብኝ ነበር» አለና እየሳቀ ወረደ።

እናያለን።


ነሐሴ 14፣ ሰኞ። ቀትር

የዋንዛ ቅጠል፤ ዓሣ ነው ይላል። አይደለም። ሰረዝሁ። ዐረፋ፤ ዓሣ ነው ይላል። አይደለም። ሰረዝሁ። ያው ቅጠል ተገልብጦ፤ አሁንም ዓሣ ነው ይላል። ሰረዝሁ። ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ካየው ነገር ሁሉ አጠገብ «እርግጠኛ ነኝ» የሚል ቍጥር ይጽፋል። አንድ እንዲህ ያለ ዲሬክተር ነበረን።

11 ሰዓት። ቅጠሉን ቅጠል አለ! ማንም ሳይነግረው፣ ራሱ። ተነሥቼ አጨበጨብሁ። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። ይህን ለአንተ ብቻ ነገርሁ።

ደግሞም ዛሬ እውነተኛ ዓሣ አየሁ። ፊት ለፊት መጥቶ ካሜራው ላይ አፈጠጠ። ከንፈሩ ወፍራም፤ ቅርፊቱ እንደ ተወለወለ ናስ። ጅራቱን ትንሽ ትንሽ እያነቃነቀ በወራጁ ውሃ መካከል ባለበት ቆሟል፤ ልክ የረሳውን ነገር ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው። በዚህ ወንዝ አጠገብ ስድሳ ስድስት ዓመት ኖሬ ዓሣ በሕይወቱ ምን እንደሚሠራ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ሁሉ ሰፌድ ላይ የተጋደመውን ነው።

ሳጥን አደረግሁለት። «ዓሣ» ብዬ ጻፍሁ።


ነሐሴ 17፣ ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ

ፍልሰታ ተፈታ። ዓሣ የሚጠይቅ ሰው ስለ ቀነሰ ሽባባው ሥራ ፈትቷል። ስለዚህ እኔ ቤት ዋለ።

ወንበር ስቦ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ ቀለደ። ከዚያ ጣቱን መስታወቱ ላይ እየለጠፈ መናገር ጀመረ፤ ይቺ ሴት ናት። ይህ አሮጌ ነው፣ ክንፉ ተቀዷል። ይቺ ደግሞ መንገደኛ ናት፣ እዚህ አታድርም። ጣቱን እንዲያነሣ ነገርሁት፤ መስታወቱ ተጨማለቀ። ኮምፒውተሩ ወንድና ሴት እንደማይለይም ገለጽሁለት።

«ታዲያ ምኑን አየው?»

ሰብለ ሳቀች፤ ወዲያውም ጻፈችው። ከየት ዐወቁ ጋሼ፣ ብላ ጠየቀችው። ከሆዷ፣ ከአካሄዷ፣ ከችኮላዋ፣ አለ። መንገደኛዋ ወዴት ነው የምትሄደው ስትለው ግን፣ በአዊኛ አንድ ነገር አጕረምርሞ ጋቢውን አጣፋ። ዓሣ አጥማጅ ቦታ አይናገርም። ዘንድሮ ብርብራ ለምን እንደማይተው ጠየቅሁት። ዓሣ እንደ ዝናብ ነው፣ ብትቀጂውም ባትቀጂውም ይመጣል አለ። ካሜራው ብዙ ሆኖ ካገኘው ሊራባ እንደሚመጣ አምናለሁ፤ ያን ጊዜ እተዋለሁ፣ አለ። በባለቤቴ ስም ማለ።

መሐላውን እዚህ መዝግቤያለሁ። ቀኑን ልብ በል።


ነሐሴ 26፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን ዘነበ። ወንዙ ሞላ። ካሜራው በጭቃ ታውሯል፤ ሁሉም ፎቶ የሽሮ ድስት ውስጥ የተነሣ ይመስላል።

ቦት ጫማዬን ተጫምቼ ወረድሁ። ሰብለ ወገቤን በገመድ አስራ ከዳር ያዘችኝ፤ እምቢ ብልም አልሰማችም። መስታወቱን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። ስመለስ አዳለጠኝና በመቀመጫዬ ገባሁ። ሰብለ ጮኸች። ማዶ የነበሩት አጣቢዎች በአንድነት «እግዚአብሔር ያውጣሽ!» አሉና ወዲያው በአንድነት ሳቁ። እኔም ውሃው ውስጥ ተቀምጬ ሳቅሁ። ነጠላው አለቀለት።

ምሽት። ቈጠራው አነስተኛ ነው። ሰብለ ተጨነቀች። ይህ የመጀመሪያ የራሷ ጥናት ነው። ማክሰኞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ትሄዳለች፤ እስከ በዓል ማግሥት አትመለስም። ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ራሱ ይቈጥራል። የእኔ ሥራ ሜሞሪውን ከካሜራው አምጥቶ ላፕቶፑ ላይ መክተት፣ «ዓሣ» የተባለውን ፎቶ ሁሉ ከፍቶ ማየት፣ ከዚያም ከቍጥሩ ሥር «አይቻለሁ» ብሎ መፈረም ነው። ሁሉን፣ አለች ሁለት ጊዜ። አንድ ጊዜ ይበቃኝ ነበር።


ጳጉሜን 3፣ ቅዳሜ፤ ሩፋኤል። ከጧቱ 2 ሰዓት

(ጳጉሜን እንጂ ጳጉሜ አይባልም። የቀበሌው ማስታወቂያ ላይ ተሳስቶ ተለጥፏል፤ በእስክሪብቶ አስተካክየዋለሁ።)

ጐሕ ሳይቀድ ለጥምቀቱ ወረድን። ከተማው በሞላ ነው የወጣው። ወንዶቹ ከድልድዩ በላይ፣ ሴቶቹ ከድልድዩ በታች። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ሁሉ እየጮኸ ይገባል፣ እየሳቀ ይወጣል። ካፊያ ጣለልን፤ የሩፋኤል ጠበል ነው ተብሎ እልል ተባለ።

ከድልድዩ ሥር መጋፋት ሆነ። እኛ ባልቴቶች ክብራችንን ጠብቀን የምንጠመቅበት ቦታ አጣን። ስለዚህ ሴቶቹን ወደ ታች፣ ካሜራው ወዳለበት ወደ ጸጥተኛው ባሕር መራኋቸው። ሽቦውን እንዳይረግጡ አንድ በአንድ አስጠነቀቅሁ። አንዲትም አልረገጠችም። በተግሣጽ የማይሆን ነገር የለም።

ከላይ የሽባባው ድምፅ ይሰማል፤ ውሃው ቀዘቀዘኝ እያለ ይጮኻል። ሴቶቹ ብርብራውን ጨምርበት አሉት።

ሰውነቴ ቀለለኝ። ዐሥር ዓመት የቀነስሁ መሰለኝ።


ጳጉሜን 5፣ ሰኞ። 9 ሰዓት

ደብተሬ ሆይ! ሜሞሪውን አምጥቼ ከፈትሁ። የቅዳሜው ቈጠራ የነሐሴን ሙሉ ወር በልጧል። በአንድ ጧት! ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ዓሣ በዓሣ ላይ!

የመጀመሪያዎቹን አምስት ፎቶዎች አየሁ። ጧት ነውና ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። ፈዛዛ፣ ወፍራም፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ። ቅጠል አይደለም። ዐረፋ አይደለም። እንግዲያስ ዓሣ ነው። ደግሞስ በሩፋኤል ዕለት ቢሆን ምን ይደንቃል? መልአኩ ዓሣ አንበሪውን በጦር ወግቶ ያቆመበትን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየሁ አድጌያለሁ። ሩፋኤልና ዓሣ ድሮም ዘመዳሞች ናቸው።

በጉ መጥቷል፤ ደጅ ይጮኻል። እንግዳ ይጠበቃል። ቤቱ አልተጐዘጐዘም።

«አይቻለሁ» ብዬ ፈረምሁ።

ሰብለ ደወለች። ቍጥሩን ነገርኋት። እልልታዋ በስልኩ መጣ። መምህርት፣ ሁሉንም ከፍተው አይተዋቸዋል አይደል፣ አለች።

አዎ አልሁ።


መስከረም 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ሪፖርቱ ትናንት ለጽ/ቤቱ ደረሰ። ሰብለ ከዚያው ሆና በኢሜይል ላከችው፤ ፎቶ አንሥቼ የላክሁላትን ፊርማዬን ከሥሩ አያይዛ። ዛሬ ከተማው ሰምቷል። ባጃጅ ሾፌሩ እንኳ የዓሣዋ እትዬ ብሎ አሳፍሮኝ ከታክሲ መናኸሪያው እስከ ደጄ በነጻ አደረሰኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። ጥሩ ፎቶ መርጬ እንድሰጠው ለመነኝ፤ በፍሬም አድርጎ ሊሰቅለው ነው።

ሽባባው መጣ። ዛሬ አልቀለደም። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«ያን ያህል ነው?»

ያን ያህል ነው አልሁት።

«እኔ ዐርባ ዓመት አጥምጄ ያን ያህል በአንድ ጧት አላየሁም። ዐይኔ ነው እንግዲህ የደከመው።»

የቀረውን ብርብራ ለማንም እንዳይሰጥ እዚያው ሜዳ ላይ ሲያቃጥለው ጭሱን አየሁ። ሌሎቹንም ለምኗቸዋል። ሦስቱ እሺ ብለዋል።

ዛሬ ማታ ከአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ ፈገግ አልሁ። ኩራት ነው። ይቅር ይበለኝ።


መስከረም 6፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ

ለፍሬሙ የሚሆን ቆንጆ ፎቶ ልመርጥ የሩፋኤልን ማኅደር ከፈትሁ።

ስድስተኛው ፎቶ። አንድ ትልቅ ዓሣ በሳጥን ተከቧል፤ እርግጠኛ ነኝ ይላል። ከፊቱ አምስት ትንንሽ ዓሦች ተደርድረዋል፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ። እያንዳንዳቸው በሳጥን። እናትና ልጆች መሰሉኝ። ወደድኋቸው። መነጽሬን አስተካከልሁ።

ጣቶች ናቸው።

ሰባተኛው፤ ተረከዝ። ስምንተኛው፤ ተረከዝ፣ ከጐኑ ተረከዝ። ዘጠነኛው፤ ጕልበት። ዐሥረኛው፤ ከእኛ ጋር የተጠመቀችው የእትዬ ጥሩ እግር መሆን አለበት፤ የእግር አልቦዋ ይታያል፤ እሱም ለብቻው ዓሣ ተብሎ ተቈጥሯል። ዐሥራ ሦስተኛውን አስፍቼ አየሁት። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጥቍር ነው። በግንቦት መጅ የወደቀበት ጥፍር። የእኔ ነው። እኔ ነጭ ዓሣ ነኝ። ኮምፒውተሩ በእኔ ላይ ያለው እርግጠኝነት በእውነተኞቹ ዓሦች ላይ ካለው ይበልጣል።

ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አጥር ማዶ ያለችው ጐረቤቴ ምን ሆነሽ ብላ ተጣራች።

ከዚያ ፊርማዬን አየሁት። ከቍጥሩ ሥር፤ ቀጥ ብሎ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ። አይቻለሁ።

ሳቁ ቆመ።


መስከረም 7፣ ሰኞ

ሌሊቱን ሙሉ ስለ ፎቶዎቹ ሳስብ አደርሁ። አንድ በአንድ ሁሉንም ከፈትሁ። የባልቴቶች እግር። ከእግሮቹ መካከል እውነተኛው ዓሣ በጣት ይቈጠራል፤ እነሱም የሚሸሹ ናቸው፤ በእኛ ጩኸት።

ለሰብለ ደወልሁ። ሳላድበሰብስ ነገርኋት። ከዚያ ትንሽ ድምፅ፤ የምታለቅስ መሰለኝ፤ እየሳቀች ነበር። መምህርት፣ የእርስዎ ጥፍር፣ አለችና እንደገና አቃታት። እኔም አቃተኝ። ሁለታችንም የስልክ ሒሳብ እየበላን እንስቃለን።

ቀስ ብላ፦ ሁሉንም አይቻለሁ ብለውኝ ነበር።

አዎን። አምስት ብቻ ነው ያየሁት አልኋት። በሕይወቴ ለተማሪ ይህን ያህል ከባድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

አልተቈጣችም። ጥፋቱን ተካፈለችኝ፤ እኔ በዚያው ወንዝ እየተጠመቅሁ ያደግሁ ሰው ለኮምፒውተሩ ሦስት ስም ብቻ ሰጠሁት፣ ሰው የሚባል ነገር ውሃ ውስጥ እንደሚገባ አልነገርሁትም፣ አለች። እውነት ነው። የሰው ስም ያልተነገረው ማሽን ሰውን ምን ብሎ ይጥራ? ቅጠል አይደለንም። ዐረፋም አይደለንም። እኔም ያንኑ ነበር ያሰብሁት።

አሁን ምን ይደረግ? ፈተናው እዚህ ነው፤ ሳልሸፍን ልጻፈው። ማንም አያውቅም። ብርብራው ተቃጥሏል። ባሕሩ ይዘጋል። ዓሣው ይተርፋል። ዝም ብንል የሚጐዳው ማን ነው? ሰብለ ይህን አላለችም፤ እኔ ነኝ ያልሁት፤ ለራሴ፤ ሻይ እየጣድሁ። ሻዩ እስኪፈላ ድረስ አመንሁበት።

ጽዋውን ሳስቀምጥ አላመንሁበትም። በእግሬ ላይ የቆመ ሕግ የመጀመሪያው ሰው ፎቶውን የከፈተ ዕለት ይወድቃል። ያን ዕለት ቀጣዩ እውነተኛ ቈጠራም አይታመንም።


መስከረም 9፣ ረቡዕ

ወደ ሽባባው ቤት ሄድሁ። መጀመሪያ ለጽ/ቤቱ ሳይሆን ለእሱ መናገር ተገባኝ፤ የማለውና ብርብራውን ያቃጠለው እሱ ነው። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ይዤ ሄድሁ፤ ዐሥራ ሦስተኛውን ፎቶ ከፍቼ አሳየሁት።

አየ። ወደ እግሬ ተመለከተ። ወደ ፎቶው። ወደ እግሬ።

«ጫማሽን አውልቂ እስቲ።»

አወለቅሁ።

በመደቡ ላይ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሚስቱ ደንግጣ ሮጣ መጣች። እሷም አየች። እሷ ደግሞ የራሷን ተረከዝ አራት ፎቶ ቈይታ አገኘችው። ተሳሳቁ፣ ተላቀሱ። እኔ እንደ ተከሳሽ ቆሜያለሁ፤ ባዶ እግሬን።

ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። እግር ዓሣ ነው ብለሽ ብርብራዬን አስቃጠልሽኝ፤ ዐይኔን አስጠረጠርሽኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ መነጽር ልገዛ ነበር፣ አለ። ይህ እውነት ነው፤ ሚስቱ አረጋገጠች። ይቅርታ ጠየቅሁት። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ፊቱ አንገቴን አቀርቅሬ አላውቅም።

ከብቶቹ ገቡ። አስሯቸው ተመለሰ።

«ከእኛ ከወንዶቹ ማንም የለበትም?»

የለበትም፣ እናንተ ከድልድዩ በላይ ነበራችሁ፣ አልሁት።

«አየሽ! ያ ሁሉ ሴት ዓሣ ሲሆን እኔ ዐርባ ዓመት ወንዝ ውስጥ የኖርሁት አልሆንሁም።»

ይቅር እንዳለኝ በዚህ ዐወቅሁ። ኋላም ሲሸኘኝ አጥሩ ጋ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ ሚስቱ እንኳ እንዳትሰማ። ካሜራው ያለበት ቦታ ድሮም ስሕተት ነው። ባሕሩ ለዓሣው ማረፊያ ብቻ ነው። የምትወልደው ከዚያ አልፋ፣ ትንሿ ገባር ከምትገናኝበት፣ ጠጠር ላይ፣ ውሃው ቍርጭምጭሚት በማይደርስበት ነው። አባቱ ያሳየው ቦታ ነው። ለማንም አሳይቶ አያውቅም።

ለምን ለእኔ? አልሁት።

«አንቺ ሳይጠይቁሽ መጥተሽ ተናገርሽ። እኔ ከማን አንሼ?»


መስከረም 14፣ ሰኞ። 5 ሰዓት፤ ከገባሩ ዳር

ሰብለ መጥታለች። በፊት ገጹ ላይ አራተኛ ስም ተጨምሯል፦ ሰው። ትናንት ሙሉ ቀን የራሴን እግር «ሰው» እያልሁ ስከብብ ዋልሁ። ተግባባን።

ካሜራው ጠጠሩ ላይ ተተክሏል። ሽባባው ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ዝም በሉ፣ ጥላችሁን ከውሃው ላይ አንሡ፣ ይለናል። ሦስታችንም ሰብለ ከካሜራው ጋር በሽቦ ባገናኘችው ትንሽ ስክሪን ላይ ተደፍተናል። ምንም የለም። ጠጠር። ጠጠር። ቅጠል (ቅጠል አለው፤ ጐበዝ)።

6 ሰዓት ተሩብ። መጣች! ሴቷ፣ ሆዷ ሞልቶ፣ ጀርባዋ ከውሃው በላይ እስኪታይ እየተሳበች። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች። ጐን ለጐን ሆነው ተንቀጠቀጡ፤ ጠጠሩ ተነሣ፤ ውሃው ትንሽ ደፈረሰ። ሲጠራ በጠጠሮቹ መካከል እንደ ማሽላ ፍሬ የሚያበራ ነገር። እንቍላል። ሰብለ እጄን ጨምቃ ይዛኛለች፤ አመመኝ፤ አልተናገርሁም።

ኮምፒውተሩ፦ ዓሣ። ዓሣ። ዓሣ። ሦስት። ልክ ነው።

ሽባባው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከላይ ሆኜ ጀርባዋን ነው ሳይ የኖርሁት፣ አለ ለሰብለ፣ ፊቷን አላውቀውም ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ላሞቹን ከገባሩ ዳር ወደ ሜዳው ነዳቸው፤ እንዳይረግጡ።


መስከረም 19፣ ቅዳሜ። ከሰዓት በኋላ

አምስት ቀን ተቈጠረ። «ዓሣ» የተባለውን ፎቶ ሁሉ ከፈትሁ፤ አንድም ሳይቀር። ሰብለ ከአጠገቤ ሆና እንደ ገና ከፈተችው። ሽባባው ሦስተኛ ሆኖ ሴቶቹን ለየልን። ቍጥሩ ትንሽ ነው። ከእግሮቻችን ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል። ግን እያንዳንዱ ዓሣ ነው።

ጽ/ቤቱ የመጀመሪያውን ቍጥር ሲያጣ ባሕሩን ክፍት ሊተወው ይችላል። ሰብለ ታውቃለች። ሽባባውም። ደብዳቤው ግን ይሄዳል፤ ሰኞ በእጄ አደርሰዋለሁ። ግልባጩን እዚህ አኖራለሁ፦

«ጉዳዩ፦ በስሕተት የቀረበ የዓሣ ቈጠራ ስለ መሰረዝና በእውነተኛው ስለ መተካት።

በጳጉሜን 3 ቀን ተመዘገቡ ተብለው በፊርማዬ የቀረቡት ዓሦች አብዛኞቹ በዕለቱ የተጠመቁ ሴቶች እግሮች ናቸው። ከእነሱም መካከል የእኔ እግር ይገኛል። ፎቶዎቹን ሳላይ «አይቻለሁ» ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የተመራማሪዋ አይደለም። ቍጥሩ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።

በምትኩ ከመስከረም 14 እስከ 18 ቀን የተገኘውን ቈጠራ ከነፎቶዎቹ አያይዣለሁ። ቍጥሩ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ዓሣው እዚህ እንደሚራባ በዐይን ያሳያል። ቦታውን ያመለከቱን ዓሣ አጥማጁ አቶ ሽባባው ናቸው፤ ስማቸው ከሪፖርቱ እንዳይቀር ራሳቸው አሳስበዋል። ስለዚህ ባሕሩ ብቻ ሳይሆን ጠጠራማው ገባርም ከሰኔ እስከ መስከረም ለብርብራ እንዲዘጋ እናመለክታለን። ሦስታችንም ፈርመናል፤ ሦስታችንም አይተናል።

ውሳኔው ይሁንታም ሆነ እምቢታ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እስከ ጥቅምት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ድረስ እንዲደርሰን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በቃል የሚላክ መልስ አልቀበልም፤ የሚጻፈውን ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ ማኅተሙ አነብበዋለሁ።»